የአንድ ቤት ካርድ

እናታቸው፣ ነፍስ ይማር፣ ሠልፍ የሚባል ነገር አትወድም ነበር። ሠልፍ የሚወድ ሰው ባይኖርም የእሷ ግን የተለየ ነበር፤ ዳቦ ቤት እንኳ ጥቂት ሰው ቆሞ ካየች "ዛሬስ ጾማችንን እንደር" ብላ የምትመለስ ሴት ነበረች። ሆስፒታሉ ደግሞ በዚያ ዘመን ከሕመሙ ይልቅ ሠልፉ የሚገድልበት ቦታ ነበር። ጠዋት ካርድ ክፍል መስኮት ስር የቆመ ሰው፣ ካርዱ ከወለል እስከ ጣሪያ ከተደረደረው ፋይል መሀል ተፈልጎ እስኪገኝ ቀትር ይሆንበታል። አንዳንዴም ቀትር ላይ "የለም፣ ነገ ተመለሽ" ይባላል። ለልቧ ክትትል ላላትና ሁለት ልጆች ለምታስከትብ ሴት ይህ ኑሮ አልነበረም። ስለዚህ አንድ ቀን መስኮቱን ተደግፋ የካርድ ክፍሉን ሰውዬ፣ "አንተዬ፣ ለአንድ ቤት አንድ ካርድ ምን አነሰው? ሁላችንንም ባለቤቴ ካርድ ውስጥ ክተተንና ተገላገል" አለችው። ሰውየውም አራት ካርድ ከመፈለግ አንድ መፈለግ ይሻለው ነበርና እሺ አላት።

ከዚያ ወዲያ በአናጢው ባሏ ስም የተከፈተው ካርድ እየወፈረ ሄደ። የእሷ የልብ ክትትል እዚያ ገባ፣ የወሊዷ ታሪክ ገባ፣ የልጆቹ ክትባት ገባ። ነርሶቹ በየወረቀቱ አናት ላይ በእስክሪብቶ "ራሱ"፣ "ሚስት"፣ "ልጅ" እያሉ ይጽፉ ስለነበር ሐኪም ገለጥ ገለጥ አድርጎ የሚፈልገውን ያገኛል። እንዲህ የሚያደርግ ቤተሰብ እነሱ ብቻ አልነበሩም፤ በዚያ ከተማ ሠልፍ የሰለቸው ሁሉ ያደርገው ነበር። ወረቀቱን ለማወደስ አይደለም። አይጥ የበላው፣ ሻይ የፈሰሰበት፣ የጻፈው ሐኪም ራሱ ተመልሶ ማንበብ ያቃተው ስንቱ ነበር! ግን የተዝረከረከም ቢሆን ሰው ከሰው ይግባባበት ነበር።

እናትየው ካረፈች ዓመታት አልፈው ኮምፒውተሩ መጣ። ሆስፒታሉ ወረቀት አቆመ ተባለ። መረጃውን ወደ ማሽን እንዲገለብጡ ወጣቶች ተቀጠሩ፤ በካርዱ ሽፋን ላይ ባለው ስም ስር፣ ውስጡ ያለውን በሙሉ አስገቡ ተባሉ፤ አስገቡ። በእነሱ አንፍረድ፤ ማሽኑ "ራሱ" እና "ሚስት" የሚባል ነገር የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም። ካርዶቹም ተገልብጠው ሲያልቁ በጭነት መኪና ተጭነው ሄዱ፤ ካርቶን ይሠራባቸዋል አሉ።

ይህን የማሽኑን ነገር እታለም በኋላ ነው የሰማችው። እታለም የአናጢው ትልቋ ልጅ ናት፤ ታናሽ ወንድሟ አፉን ከፈታ ጀምሮ እንደዚያ ስላላት ቤቱም ሰፈሩም፣ አባትየው ጭምር፣ እታለም ብሎ ቀረላት። ላውንደሪ ቤት ትሠራለች፤ ልብስ ትቀበላለች፣ ቁጥር ትሰፋበታለች፣ ለባለቤቱ ትመልሳለች። ወንድሟ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት ያለው በስልክ ነው ማለት ይቀላል። አባቷን ያስቸገረው ቡአ እየባሰ ሲሄድ እሷው ይዛው ሆስፒታል ሄደች፤ ለወንድሟም አልነገረችውም። መሪ ለጨበጠ ሰው ጭንቀት አይነገርም ብላ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ደስ ብሏት ነበር። ሠልፍ የለም። መስኮት የለም። ወንበር ላይ ተቀምጠው ስም ተጠራ፣ ገቡ። "እማዬ ይቺን ሳታይ!" አለች በሆዷ።

ቀዶ ሐኪሙ ወጣት፣ ፊቱ ፈታ ያለ ሰው ነበር። አናጢውን አስተኝቶ ሆዱን አየና "በጊዜ መሠራት አለበት፤ የወጣው አንጀት ከታነቀ አደጋ ነው" አለ። ከዚያ ወደ ማሽኑ ዞሮ ማንበብ ጀመረ። አነበበ፣ ቅንድቡን ሰቀለ፣ እንደገና አነበበ።

"አባት፣ ሁለት ጊዜ ወልደዋል ይላል።"

አናጢው ሱሪውን እያሰረ ነበር። "ሁለቱም ጊዜ ምጡ ከባድ ነበር" አለ።

ሦስቱም ሳቁ። ሐኪሙ እንባውን ጠርጎ ቀጠለ። "የኩፍኝ ክትባት በወቅቱ ወስደዋል፣ ጎበዝ። ጡት ማጥባት ላይ ምክር ተሰጥቶዎታል። የልብ ቫልቭ ሕመም፣ ክትትል ላይ ያሉ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት..." እዚህ ላይ ሳቁ ቀነሰ።

"እሱ የእናቴ ነው" አለች እታለም፤ የአንድ ቤቱን ካርድ ነገር እንደምታውቀው ነገረችው።

አናጢው ግን ነገሩ ደስ ያለው መሰለ። "ስንጋባ ከእንግዲህ አንድ ሥጋ ናችሁ ተብለን ነበር" አለ፤ "እሷ በነበረችበት ጊዜ በአንድ ነገር እንኳ ተስማምተን አናውቅም። ለካ ማሽን እስኪመጣ ነው።"

ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አድርጎ ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጠ። "ልብዎ የጎረምሳ ነው" አለ። "ይህን አሁኑኑ እናጠፋዋለን።" አንድ ነገር ተጫነ። ማሽኑ ቀይ ሳጥን አወጣ። ሌላ ነገር ተጫነ። ቀይ ሳጥን። "ሌላ ሐኪም የመዘገበውን እኔ መንካት አልችልም ይላል" አለ እየከፋው። "በወረቀት ቢሆን አንድ መስመር ሰርዤ እፈርምበት ነበር። አይዞሽ፣ ይስተካከላል።"

ይስተካከላል የሚለውን ቃል እታለም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንት ሰው እንዳላት እሷም አታውቀውም። ሁሉም ከልቡ ነበር የሚለው፤ ችግሩም እሱ ነው። ክፉ ሰው ብታገኝ ትጣላው ነበር።

ሰመመን ሰጪዋ ጠና ያለች፣ ቁጥብ ሴት ናት። ታሪኩን እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት። "መውለዱን ልሳቅበት" አለች፤ "በልብ ግን አልቀልድም፣ እህቴ። አስተኝቼው ባይነሳ እዚህ የተጻፈውን እያየሽ ለምን አስተኛሽው የምባለው እኔ ነኝ። ደግሞ እኔ እሺ ብል እንኳ የልብ ሐኪም ይችላል ብሎ ካልሞላ የቀዶ ጥገና ቀን መያዣው አይከፈትልኝም።" አሳየቻት፤ እውነትም አልተከፈተም።

የልብ ሐኪሙ ቀጠሮ ሩቅ ነበር። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ እታለም አባቷን ይዛ ወደ ግል ክሊኒክ ሄደች። አስመረመረችው፤ ልቡ በማሽን ታየ፤ ጤነኛ ነው ተባለ፤ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተሰጣት። ወረቀቱን እንደ ሕፃን አቅፋ ተመለሰች። ሰመመን ሰጪዋ አንብባ ደስ አላት፤ "እሰይ!" አለች። ከዚያ ወረቀቱን ገለባብጣ አየችውና ፊቷ ተቀየረ። "የት አስገባዋለሁ? ወረቀት አቁመናል። ውጤቱን መሙላት ያለበት የመረመረው ሐኪም ነው፤ ክሊኒኩ ደግሞ ሲስተሙ ውስጥ የለም።"

"ዓይንሽ አይቶታል አይደል?" አለች እታለም።

"ዓይኔማ አይቷል" አለች ሴትየዋ። "ዓይኔን አይቀበለኝም።"

የቀረው ከሥሩ ማስተካከል ነበርና እታለም መረጃ ክፍል ሄደች። እዚያ የተቀመጠችው ልጅ ገና ከትምህርት የወጣች፣ ትሑት፣ ድምፅዋ የሚያባብል ነበረች።

"የእናትዎ መረጃ ከሆነ ወደ እናትዎ ቁጥር ማዛወር እንችላለን" አለች። "ቁጥራቸውን ይንገሩኝ።"

"ቁጥር የላትም። በአባቴ ካርድ ነበር የምትታከመው።"

"እንግዲያው አዲስ እንክፈትላቸዋ። ይዘዋቸው ይምጡ፤ ፎቶና አሻራ ብቻ ነው።"

"ሞታለች እኮ፣ የኔ እናት።"

ልጅቷ ደነገጠች። "ነፍስ ይማር። ይቅርታ..." ማሽኑን ነካካች። "ለሞተ ሰው አዲስ መክፈት አይቻልም። መዝጋት ነው የሚቻለው። ለመዝጋት ደግሞ መጀመሪያ መከፈት አለበት።"

"ታዲያ ዝም ብለሽ ሰርዢው!"

"የሕክምና መረጃ አይሰረዝም፣ እትዬ። ባለቤት አለው።"

"ማን ነው ባለቤቱ?"

ልጅቷ ማሽኑን አየች። "አባትዎ ናቸው።"

እታለም ሳቋ መጣ፤ ግን አልሳቀችም። "በስሟ ፈልጊያት" አለች። "በስሟ እስቲ አንዴ ፈልጊያት።"

ልጅቷ የእናትየውን ስም እስከ አያት ጻፈች፤ ጠበቀች። "እናትዎ እዚህ ሆስፒታል ታክመው አያውቁም ነው የሚለው" አለች በቀስታ።

እታለምን ከሁሉ የቆረጣት ይህ ነበር። እዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ ሁለተኛው ፎቅ ኮሪደር ላይ፣ እናቷን ካልሆነ ደግፋ ስታናፍሳት የሰነበተችው ማንን ነው? እናቷ የሞተችበትን አልጋ ዛሬም ሄዳ ልታሳይ ትችላለች። አንድን ሰው ሁለት ጊዜ መነጠቅ አለ እንዴ? ቢቸግራት የማስተካከያ ጥያቄ ሞላች። ልጅቷም ላከችላት። "ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተልኳል፤ በሂደት ላይ ይላል። ይስተካከላል" አለቻት።

በማግስቱ እታለም የድሮውን የካርድ ክፍል ሰውዬ አፈላልጋ አገኘችው። አሁን የሆስፒታሉን ግቢ መኪና ማቆሚያ ይጠብቃል። የእናቷን መልክ፣ የመስኮቱን ነገር፣ ሁሉን አስረዳችው፤ ይህ ሰው ያስታውሳል፣ ይመሰክራል ብላ ነው። ሰውየው ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ አሰበ። "ስንቱን ላስታውስ፣ እህቴ?" አለ። "እኔ የማውቀው መደርደሪያውን ነበር። ሰውማ መች ቀና ብዬ አይቼ አውቃለሁ።" አንድ መኪና ወደ ኋላ ሲሸሽ አይቶ "ሰብረው! ሰብረው!" እያለ ሮጠ።

ሥራ ቦታዋ ተመልሳ ልብስ ታስረክባለች። እሷ የአንዱን ኮት ለሌላው ብትሰጥ ባለቤቱ በዚያው ሰዓት መጥቶ አንገቷን ያንቃል፤ እሷም ይቅርታ ጠይቃ ለውጣ ትሰጣለች። ኮት እንኳ ይለወጣል። ለአባቷ ግን በየሳምንቱ ሄዳ የምትሰማው "በሂደት ላይ" የሚል ብቻ ሆነ። አናጢው በበኩሉ ሆዱን በመዳፉ ደግፎ ይሄዳል፤ ማሳልም ማስነጠስም ይፈራል። ጎረቤት ሲጠይቀው "ወሊዱ አልቀናኝም" እያለ ይቀልዳል። ለእሷ ግን አንድ ቀን፣ ዓይኗን ሳያይ፣ "እታለም፣ እንዲያው ልቤ ነው ብትያቸው ምን ይላሉ? እሺ ብለው የልብ አድርገው ያክሙኝ" አላት።  

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቡአው ታነቀ። አናጢው በር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አሳለው፤ ከዚያ መጮህ እንኳ አቅቶት በጎኑ ወደቀ። ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ያስመልሰዋል። ዕድል ሆኖ ተረኛው ያ ወጣት ቀዶ ሐኪም ነበር። ሰመመን ሰጪዋም ነበረች። ሐኪሙ ማሽኑን ዞር ብሎም አላየው። "በእኔ ይሁን" አላት፤ "ቀን መያዣውንም አትክፈቺ፤ አሁን ነው የምንገባው።" እሷም ጓንቷን አጠለቀች። እንዲህ ያለም ሰው አለ፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ግፍ ነው።

አንጀቱ ጥቂት ሞቶ ነበርና ቆርጠው ቀጠሉት። ሐኪሙ ላብ በላብ ሆኖ ሲወጣ "ተርፈዋል" አላት። እታለም እዚያው ኮሪደር ላይ ተንበርክካ ጫማውን ልትስም ቃጣት፤ እሱ አፍሮ አነሳት። "ይልቅ አንድ ነገር" አለ። "ስለ ልቡ ለሚተኛበት ክፍል ልጆች በቃል ነግሬያቸዋለሁ። አንቺም ንገሪያቸው። እኔ ከነገ ጀምሮ ለጥቂት ቀን ሥልጠና ላይ ነኝ።" የምን ሥልጠና እንደሆነ አልጠየቀችውም፤ እሱ ግን አፉን አጣሞ ነገራት፤ በአዲሱ ሲስተም አጠቃቀም ላይ ነበር።

እታለም ነገረች። ለጠዋቷ ነርስ ነገረች፣ ለማታዋ ነገረች፣ ለጽዳቷ ሴት ሳይቀር ነገረች። ሁሉም አዎ አዎ አሏት፤ ግን ሰው ይቀያየራል፤ ዛሬ የነገረቻት ነገ የለችም። ስለዚህ ከላውንደሪ ቤት አንድ ነጭ ካርቶን አመጣችና በወፍራም ማርከር "እኚህ ሰው የልብ በሽተኛ አይደሉም። ማሽኑ ተሳስቷል። የልብ መድኃኒት አይስጡ" ብላ ጽፋ ከአልጋው ራስጌ ለጠፈችው። አናጢው አንገቱን ቀልብሶ አየና "ፊደልሽ አምሯል" አለ። ያን ቀን እታለም ከስንት ጊዜ በኋላ ሰላም ብሏት ዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ስትመጣ ካርቶኑ የለም። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ናት ያነሳችው። "ጎብኚዎች ሊመጡ ነው፣ የኔ እህት" አለቻት። "ወረቀት አልባ ሆስፒታል ተብለን ልንሸለም ነው፤ ግድግዳ ላይ አንዲት ወረቀት እንዳላይ ተብለናል። ስለ አባትሽ እንደሆነ አትስጊ፣ አውቀናል።"

"ማስታወሻ እንኳ ማሽኑ ውስጥ ጻፉልኝ።"

ሲስተር ታብሌቷን ከፍታ ሞከረች። "የማስተካከያ ጥያቄ ስላለበት ተቆልፏል" አለች። "ጥያቄው እስኪመለስ ታሪኩ ላይ ምንም አይጨመርበትም። ጥያቄውን ያስገባው ማን ነው?"

"እኔ" አለች እታለም።

ከዚያ በኋላ እንደ ጠባቂ ከአልጋው አልተለየችም። ግን አስታማሚ ከእራት በፊት ይወጣል፤ ሕጉ ነው። የማታው መድኃኒት የሚታደለው ደግሞ አስታማሚ ከወጣ በኋላ ነው። እሷ ይህን አላወቀችም። ቀን ቀን በዓይኗ ፊት የሚሰጠውን እያንዳንዱን ክኒን እየጠየቀች ታረጋግጣለች፤ ይህ የሕመም ማስታገሻ፣ ይህ ለቁስሉ፤ ሁሉም ትክክል ነው። አባቷም እየተሻለው ነበር፤ ሾርባ ጠጣ፤ ተደግፎ እስከ መስኮቱ ሄደ። ስለ አልጋው ማጋጠሚያ "ይህን የሠራው አናጢ ዘመድ የለውም" ብሎ ተሳደበ። ደግ ምልክት ነው ብላ አንድ ጠዋት ልብሱን ልታጥብለት ቤት ሄደች።

ስትመለስ አናጢው ፊቱ ነጣ ብሏል፤ ግን ፈገግ አለላት።

"እታለም፣ ማንን እንዳገኘሁ ገምቺ።"

"ማን መጣ?"

"ያቺ ሮዝ ክኒን። የእናትሽ።"

እታለም የያዘችው ልብስ ከእጇ ወደቀ።

"ማታ ማታ በምላጭ ለሁለት እሰነጥቅላት የነበረችው" አለ አናጢው። "እዚህ ደግሞ ሙሉውን ነው የሚሰጡት። ልነግርሽ እያልኩ ትዝ አይለኝም። ከተሠራሁ ጀምሮ ማታ ማታ ይሰጡኛል።"

"ለምን ዋጥከው፣ አባባ? ለምን ዋጥከው?"

"ነርሷ ስሜን ጠርታ፣ የእጄን አምባር በዚያ በሚያበራው ነገር አንብባ ነው የምትሰጠኝ" አለ፤ ሊያስረዳት እየሞከረ፣ ትንሽም እየፈራ። "ስሜን ጠርታ የሰጠችኝን፣ የእኔ አይደለም ልበላት?"

እታለም ሮጠች። የቀኗ ነርስ ታብሌቷን ከፍታ ስታይ ከንፈሯን ነከሰች። ማንም አላዘዘውም ነበር። ሰውየው አልጋ ሲይዝ ማሽኑ ራሱ ነባር መድኃኒቶቹን፣ ደም የሚያቀጥነውን ጭምር፣ ስቦ አምጥቶ "ይቀጥል" ብሎባቸዋል። ነርሷ ልታቆመው አትችልም፤ ሐኪም ነው የሚያቆመው። ለቀዶ ሐኪሙ ደወለች፤ ሥልጠና ላይ ነው፣ ስልኩ ዝግ ነው። ተረኛው ሐኪም ቀዶ ጥገና ክፍል ገብቷል። "እኔ በበኩሌ አልሰጥም" አለች ነርሷ፤ "አልዋጠም ብዬ እሞላለሁ። የፈለጉትን ያድርጉኝ።" ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ወደ አልጋው ሲመለሱ የአናጢው ፋሻ ከሥር እየቀላ ነበር።

ደም ሰጡት። የሰጡት ደም በአንድ በኩል ሲገባ በሌላ በኩል ሆዱ ውስጥ ይፈሳል። ወዲያ ወዲህ ተሮጠ፣ መጋረጃ ተሳበ፣ እታለም ወደ ውጭ ተገፋች። በመጋረጃው ሥር የሰዎቹን ጫማ ብቻ ታያለች። ጫማዎቹ መጀመሪያ ይፈጥኑ ነበር፤ ቆይተው ዝግ አሉ፤ ከዚያ ቆሙ።

የወጣው ሐኪም አይታው የማታውቀው ልጅ ነው። ታብሌቱን ደረቱ ላይ አቅፏል። አስቀመጣት፣ አጠገቧ ተቀመጠ፣ እንደ ሰው አናገራት። "የተቻለንን አድርገናል" አለ። "ልባቸው ነው ያልቻለው። መቼም እርስዎም ያውቁታል፤ የቆየ የልብ ሕመም ነበረባቸው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው ይህን ያህል መቆየቱም ትልቅ ነገር ነው።"

እታለም አየችው።  ልጁ ያነበበውን ነው የሚናገረው። ያነበበው ደግሞ አሁን ሙሉ ሆኗል፤ ሕመሙ አለ፣ መድኃኒቱ አለ፣ ሞቱም በመጨረሻ ሄዶ ቦታው ላይ ገጥሟል። ከዚህ በኋላ ምንም የሚስተካከል ነገር የለውም።

አስከሬን ለመውሰድ አሻራዋን መስጠት ነበረባትና ወደ መስኮቱ ወሰዷት። ተራዋን ስትጠብቅ ስልኳ ጠራ። ወንድሟ ነው፤ ከኋላው የመኪናው ሞተር ይሰማል። አባቱ ሆስፒታል መተኛቱን ጎረቤት ነግሮት ሲደውልላት አላነሳ ስትለው ወደ ሆስፒታሉ ደውሎ፣ ከዚያው ልጅ ሐኪም ነበር የሰማው። እያለቀሰ ነው።

"እታለም፣ ልብ ነው አሉኝ" አለ። "የቆየ ነው አሉኝ። ሐኪሙ አንብቦልኛል፣ መቼ እንደጀመረው ሳይቀር ነግሮኛል። ይህን ሁሉ ዘመን አባባ ልብ ታሞ እኔ እንዴት አላውቅም? ለምን ደበቃችሁኝ?"

እታለም አፏን ከፈተች። የካርዱን ነገር፣ የእናታቸውን ሠልፍ መጥላት፣ ሮዟን ክኒን፣ ሁሉንም ልትነግረው ነበር። ሞተሩ ያጓራል፤ ወንድሟ መንገድ ላይ ነው፤ እንባው ዓይኑን ሸፍኖታል። መስኮቱ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ጣቷን እንድታሳርፍ እየጠቆማት ነው። ከኋላዋ ሌላ ሐዘንተኛ ቆሟል። ብትነግረውስ ማን ያምናታል? ለወንድሟ ሐኪም አንብቦለታል።

"እታለም? አሞት ነበር ወይ?"

"አዎ" አለች። "ልቡን ያመው ነበር።"